የክቡር አቶ ምልዓተ ጉባኤ አንድ እግር

ምርጫ ባለበት ሁሉ፣ በየሰፈሩና በየሕንፃው፣ ድምፅ የማይሰጥ ግን ስንት ሰው ድምፅ እንደሰጠ ከቆጣሪዎቹ አስቀድሞ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። የእናንተም ሰፈር አለ። ፈልጋችሁ ካጣችሁት ራሳችሁን ጠርጥሩ። ይህ ሰው ስብሰባ አያመልጠውም፤ ስብሰባ ውስጥ ገብቶ ግን አያውቅም። ቦታው በር ላይ ነው። አንድ እግሩ አዳራሽ ውስጥ፣ አንድ እግሩ ኮሪደር ላይ። ነገሩ ካማረ «ነበርኩ» ይላል፤ ከከፋ «እኔ የለሁበትም» ይላል።

ለእኛ ሕንፃ የደረሱት ክቡር አቶ ምልዓተ ጉባኤ ናቸው። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ሌላ ስም እንዳለ አልጠራጠርም፤ የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ሠራተኛ ሳይቀር ግን «አቶ ምልዓተ አሉ?» እያለ ነው የሚያንኳኳው። ስሙን ያገኙት ሠርተውበት ነው። ሦስት ሰው ቆሞ ሲያወራ ካዩ ጠጋ ይላሉ፣ ሌባ ጣታቸውን ቀስረው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይቆጥራሉ፣ ከዚያ ፍርድ ይሰጣሉ፤ «ምልዓተ ጉባኤው አልተሟላም። በሉ ደህና ዋሉ።»

ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት ሠላሳ አንድ ዓመት የሲኒማ ቤት በር ላይ ቆመዋል። ትኬት ይቀበላሉ፣ ከመሀሉ ሸርከት አድርገው ይቀድዱታል፣ ግማሹን ሳጥን ውስጥ ጥለው ግማሹን ለተመልካቹ ይመልሱና «እንዳይጥሉት፤ መሀል ላይ ይፈተሻል» ይላሉ። እውነትም መሀል ላይ ባትሪ ይዘው እየዞሩ ይፈትሹ ነበር። የሲኒማ ቤቱ ባለቤት ደግሞ አንድ የማይሻር ሕግ ነበረው፤ ሃያ ሰው ካልሞላ ፊልም አይጀመርም። የመጣው ሰው ገንዘቡ ተመልሶለት ወደ ቤቱ ይሄዳል። እንግዲህ ሰውየው የዕድሜያቸውን ግማሽ ያሳለፉት ሃያኛውን ሰው ሲጠብቁ ነው። አንድ ቀን ቆጠራው አስራ ዘጠኝ ላይ ቀረ። አስራ ዘጠነኛዋ ሴት ግን ሕፃን ታቅፋ ነበርና ሕፃኑ ይቆጠራል፣ አይቆጠርም የሚል ክርክር ተነሣ። እሳቸው ቆረጡት፤ «አልቅሷል፤ ስለዚህ ተገኝቷል።» ፊልሙ ተጀመረ።

ይህንን ሕግ ቤታቸው ድረስ ይዘውት ገብተዋል። ሴት ልጃቸው የወለደች ጊዜ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ለልጁ ስም ሊያወጣ ሲል፣ «ዋናው ባለጉዳይ ተኝቷል፤ አልተገኘም» ብለው ስብሰባውን በተኑት። ልጁ ነቅቶ እስኪያለቅስ ድረስ ስም አልነበረውም። ፀጉር አስተካካዩ ጋ ስንጠብቅም ያው ነው። «ኳሱ ይከፈት ወይስ ፊልሙ?» ብሎ አስተካካዩ ሲጠይቅ እጃችንን ማውጣት እንጀምራለን፤ እሳቸው በሩን ተደግፈው ወንበሩ ላይ ያለውን ደንበኛ ይጠቁማሉ። «የዚህ ሰውዬ ፊት በሳሙና ተሸፍኗል። ማንነቱ አልተጣራም።» ቴሌቪዥኑ ተዘግቶ ይውላል።

ዝናቸው የወጣው ግን ከከተማው ምክር ቤት ምርጫ በኋላ ነው። በእኛ አካባቢ ከመቶው መራጭ ወጥቶ ድምፅ የሰጠው አስራ አንዱ ብቻ ነበር። ተመራጩ ሰውዬ አንድ ጠዋት ዳቦ ቤቱ ሰልፍ ድረስ መጥተው ሁሉንም በእጅ ሲጨብጡ እሳቸው ዘንድ ደረሱ። ክቡር አቶ ምልዓተ ጉባኤ እጃቸውን ከካፖርታቸው ኪስ አላወጡም። ጥቂት አሰቡና ትንሿን ጣታቸውን ብቻ ብቅ አድርገው ዘረጉላቸው።

«ይኸው የእርስዎ ድርሻ።»

«አልገባኝም አባባ» አሉ ተመራጩ።

«ከመቶው የወጣልዎት አስራ አንዱ ነው። ሙሉውን እጅ ከሰጠሁዎት የሌላውን ሰው ድርሻ ሰጠሁ ማለት ነው።»

ተመራጩ ሳቁ። ትንሿን ጣት ጨበጡና ሄዱ። እኔ ግን አላስቻለኝም፤ «ጋሼ፣ እርስዎስ ድምፅ ሰጥተዋል?» አልኳቸው።

«እኔ? ባልሞላ አዳራሽ ገብቼ ምን ልሠራ?»

«እርስዎ ቢገቡ እኮ በአንድ ሰው ይጨምር ነበር።»

«እኔ አንድ ሰው አይደለሁም እንዴ? አንድ ሰው አዳራሽ ይሞላል?»

ከመቶው ሰማንያ ዘጠኙ ሰው በዚያ ቀን ይህንኑ ብሎ ቤቱ እንደዋለ ለመገመት ብዙ ሂሳብ አላስፈለገኝም። ማን ነኝ ብዬ ልፈርድባቸው? እኔም የዚያን ዕለት መዝጊያ ሰዓቱ ያለፈብኝ ካልሲ ሳጥብ ነው።

እንግዲህ የራሴን ሹመት ልናገር። በማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ስህተት ስለቅም ስለምውል ማታ ማታ ከሰው ጋር ባልገናኝ እመርጣለሁ። አንድ ቅዳሜ የተዋስኩትን መሰላል ልመልስ ትከሻዬ ላይ አድርጌ ስወርድ ምድር ቤቱ አዳራሽ ውስጥ የነዋሪዎች ስብሰባ ነበር። የድሮው ተወካያችን ቤት ቀይሮ ስለሄደ ሌላ ሊመርጡ ነው። ማንም አልፈለገም። ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። በዚህ መሀል እኔ በበሩ አለፍኩ። «እሱ ይሁን!» አለ አንዱ፤ «መሰላልም አለው!» ሃያ ሦስት እጅ በአንድ ጊዜ ወጣ። እኔ መሰላል ስለያዝኩ እጄን አውጥቼ መቃወም አልቻልኩም።

በሩ ላይ ክቡርነታቸው ነበሩ። «ከመቶ ሃያ ቤት ሃያ ሦስት» አሉ ለራሳቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜን ጠርተውት አያውቁም። ጠዋት ከቤት ስወጣ፣ «እንዴት አደርክ፣ ሃያ ሦስት?» ማታ ስገባ፣ «ደህና አመሸህ፣ ሃያ ሦስት?» ደረጃው ላይ አምፖል ቀይሬ ስወርድ እንኳ፣ «የመቶ ሃያ ቤት አምፖል በሃያ ሦስት ሰው ሥልጣን ቀየርክ?» ይሉኛል። ያናድዱኝ ነበር። የባሰ የሚያናድደኝ ግን ትክክል መሆናቸው ነው።

ነገሩ ከቀልድ ያለፈው በሊፍቱ ምክንያት ነው። የሕንፃችን ሊፍት ከቆመ አስራ አንድ ወር ሆኖት ነበር። ሰባተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ልብስ ሰፊ አለች። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ግን «አንቱ» የሚላትን ሰው ሱሪ አጥብባ ስለምትመልስ ሁላችንም «አንቺ» ነው የምንላት። ዳሌዋን ከተሰበረች ወዲህ ደረጃ አትችልም። ሊፍቱ ሲቆም እሷም እዚያው ላይ ቀረች። ሥራዋን በመስኮት አደረገችው፤ የሚሰፋው በገመድ በታሰረ ቅርጫት ይወጣላታል፣ የተሰፋው በዚያው ይወርዳል። ከመንገዱ ማዶ ያለው ጨርቅ ሻጭ ጣቃውን ሱቁ በር ላይ ዘርግቶ ያሳያታል፣ እሷ ከላይ እጇን እያወዛወዘች ትመርጣለች። አንድ ቀን የሱሪዬን እግር ልታሳጥርልኝ ቤቷ ቆሜ ሳለ ያንን ጣቃ በመስኮት እያየች፣ «ጨርቅ በዓይን አይገዛም እኮ፤ አስራ አንድ ወር ሙሉ ጨርቅ ሳልዳስስ ገዛሁ» አለችኝ። መርፌው አፏ ውስጥ ነበር፤ ድምፅዋ ግን የተሰበረው በመርፌው አልነበረም።

በማግስቱ ማመልከቻ ጽፌ ወደ ጥገና ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩ። መዝጋቢዋ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበች።

«ስንት ቤት አለ?»

«መቶ ሃያ።»

«አንተን የመረጠህስ?»

ለመዋሸት ፈልጌ ነበር። «ሃያ ሦስት» አልኩ።

«ከግማሽ በላይ በተገኘበት ያልተመረጠ ተወካይ ማመልከቻ አልመዘግብም። ስልሳ አንድ ቤት ያስፈልግሃል። የዓመቱ መዝገብ ደግሞ በወሩ መጨረሻ ይዘጋል። ካመለጠህ ለሚቀጥለው ዓመት ነው።»

ከክቡርነታቸው በልጅነቷ ተለይታ የጠፋች ታናሽ እህታቸው መሰለችኝ።

ስመለስ እሳቸው የሕንፃው በር ላይ ነበሩ። የሆነውን ነገርኳቸው። «ምን አልኩህ?» አሉ፤ አንድ መሥሪያ ቤት በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከእሳቸው ጋር ተስማምቶ ፊታቸው በራ። ከዚያ ቅርጫቱ ከራሳችን በላይ እየተወዛወዘ ሲወርድ ቀና አሉና መሬት እስኪነካ ድረስ በዓይናቸው ተከተሉት። ያንን አስተያየት ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።

ቤት ለቤት ዞሬ ቀሰቀስኩ። «ይመጣሉ?» ስል ሁሉም «እንዴ! ሳልመጣ!» አለኝ። በቀጠሮው ቀን ሠላሳ ስምንት ሰው መጣ። ክቡርነታቸው በሩ ላይ ሆነው ቆጠሩ፤ «ሠላሳ ስምንት። በሉ ደህና ዋሉ።» ለወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ እንደገና ጠርቻቸው አዳራሹን ቆልፌ ስወጣ የወሩ መጨረሻ ሊሆን ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

ከሦስት ቀን በኋላ መግቢያው ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። ርዕሱ «ያልመጡ ቤቶች» ይላል። ሰማንያ ሁለት ቤት በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ተዘርዝሯል። እሳቸው ያን ሁሉ ደረጃ በዚያ ጉልበታቸው ወጥተው፣ እያንዳንዱን በር አንኳኩተው፣ ለምን እንደቀረ ጠይቀው ጽፈውታል።

«ሁለተኛ ፎቅ፣ ቁጥር 33፦ እንግዳ መጣብኝ ብሏል። እንግዳው አልታየም።»

«አራተኛ ፎቅ፣ ቁጥር 64፦ ራሱን አሞት ነበር። ኳሱ ሲጀመር ተሽሎታል።»

«አምስተኛ ፎቅ፣ ቁጥር 78፦ እኔ ብመጣ ምን ይለወጣል ብላለች። ይህን ያሉ ባጠቃላይ አስራ ዘጠኝ ናቸው።»

የመጨረሻው መስመር ደግሞ እንዲህ ይላል፤ «ምድር ቤት፣ ቁጥር 1፦ በር ላይ ነበር።» ቁጥር 1 የእሳቸው የራሳቸው ቤት ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«ማስረጃ ነው። ነገ ማንም ተነሥቶ ሕዝቡ መርጦታል እንዳይልህ።»

ለማስረጃ የለጠፉት ወረቀት ግን ሕንፃውን በአንድ እግሩ አቆመው። የቁጥር 64ቱ ሰውዬ እየሮጠ እቤቴ መጣ፤ «ሚስቴ አነበበችው እኮ! ቁጥሬ ይሰረዝ!» አለኝ። ወደ ክቡርነታቸው ወሰድኩት። «የሚሰረዘው በእርሳስ አይደለም፣ በእግር ነው» አሉት። እንግዳ መጣብኝ ያለው ሰውዬ እንግዳውን ይዞ መጥቶ አሳያቸው። በደረጃው ላይ ስወጣና ስወርድ ወር ሙሉ ሰላም ብሎኝ የማያውቅ ሰው ሁሉ «ቅዳሜ ነው አይደል?» ይለኝ ጀመር።

የወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ መዝጋቢዋ መዝገቧንና የድምፅ ሳጥኗን ይዛ በታዛቢነት መጣች። አዳራሹ ወንበር አነሰው። ክቡር አቶ ምልዓተ ጉባኤ በቦታቸው ናቸው፤ አንድ እግር ውስጥ፣ አንድ እግር ውጭ። መዝጋቢዋ ቆጠረች። ሃምሳ ዘጠኝ። አንድ ሰዓት ጠበቅን። ሃምሳ ዘጠኝ።

በዚህ መሀል ቅርጫቱ በመስኮቱ በኩል ወረደ። ውስጡ ወረቀት አለ፤ «ሰባተኛ ፎቅ፣ ቁጥር 112። እስማማለሁ። ቶሎ በሉ።»

«ተቃውሞ አለኝ!» አሉ ክቡርነታቸው ከበሩ ላይ። «ቅርጫት ድምፅ አይሰጥም!»

«ልክ ናቸው» አለች መዝጋቢዋ። «መራጩ ራሱ ስብሰባው ውስጥ መገኘት አለበት።» ሁለቱ ተያዩ፤ ለዘመናት ሲፈላለጉ ኖረው የተገናኙ ይመስሉ ነበር።

ወደ ግቢው ወጣሁና አንገቴን ወደ ላይ ቀና አድርጌ፣ «በወንበር ተሸክመን እናውርድሽ?» ብዬ ጮህኩ።

ልብስ ሰፊዋ ከመስኮቱ ብቅ አለች። «እኔን? ሶፋ ነኝ እንዴ? የሁላችሁም እግር ደህና ነው፤ ስብሰባው ራሱ ይውጣ!»

ሁላችንም ወደ መዝጋቢዋ ዞርን። ደንቡን ገለጠች፣ አገላበጠች። «ስብሰባው በሕንፃው ውስጥ ይካሄዳል ይላል» አለች በመጨረሻ። «በየትኛው ፎቅ አይልም።»

ስብሰባው ወጣ። ሃምሳ ዘጠኝ ሰው እየተነጫነጨ፣ እየሳቀ፣ እየተደጋገፈ። ከምድር ቤት ከፍ ብለው የማያውቁ ነዋሪዎች ሦስተኛው ፎቅ ላይ «አሁንም አለ?» ይሉ ነበር። መዝጋቢዋ ሳጥኗን አቅፋ አራተኛው ላይ ተቀምጣ ተነፈሰች። «ይሄን በየቀኑ ነው የምትወጡት?» አለችኝ፤ ፊቷ የሊፍቱን ማመልከቻ ከእኔ ጽሑፍ በተሻለ የተረዳ ፊት ነበር። ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ አድርጋ ቤቷ ደጃፍ ላይ ወንበር አውጥታ ጠበቀችን። ሰው ከሰባተኛው ፎቅ ጀምሮ ወደ ታች በየደረጃው ተደርድሮ አምስተኛው ድረስ ሞላው።

መዝጋቢዋ ከላይ እስከ ታች ቆጥራ ተመለሰች። «ስልሳ» አለች። «አንድ ሰው ይጎድላል።»

ሰዉ ሁሉ ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረ። ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን ጣቷ ላይ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። አስራ አንድ ወር በመስኮት ኖራለች፤ በአንድ ሰው ምክንያት ሌላ ዓመት ልትኖር ነው።

ከስድስተኛው ወደ ሰባተኛው በሚወስደው ደረጃ መሀል ላይ አንድ ሰው ካፖርቱን አውልቆ ተቀምጦ ያለከልካል። ቆጠራው እንዳይሳሳት ብለው ተከትለውን የወጡት ክቡርነታቸው ናቸው።

«እርስዎ ነዋሪ አይደሉም እንዴ?» አለቻቸው መዝጋቢዋ።

«ነኝ። ቁጥር አንድ። ነገር ግን ከስብሰባው ውጭ ነኝ።»

«ከስብሰባው ውጭ?» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እስቲ በሩን አሳየኝ!»

ክቡርነታቸው ቀኝ ቀኙን አዩ፤ ግድግዳ ነው። ግራ ግራውን አዩ፤ የቁጥር 64ቱ ሰውዬ ነው። ከላይ ሰው፣ ከታች ሰው። አንድ እግራቸውን አነሡ፣ የሚያስቀምጡበት ውጭ አጡና መልሰው አወረዱት። ደረጃ በር የለውም። አሳዘኑኝ። ቀስ ብለው ተነሡ፣ ካፖርታቸውን ለበሱ፣ ሌባ ጣታቸውን ቀስረው ሰዉን ከላይ ጀምረው አንድ በአንድ ቆጠሩ። ስልሳ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው አየር ላይ ቆየች። ከዚያ ወደ ራሳቸው ደረት ዞረች።

«ስልሳ አንድ» አሉ። «ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።»

የሕንፃው መስኮት እስኪንቀጠቀጥ ተጨበጨበ። በእኔ ተወካይነት ላይ የድምፅ መስጫው ወረቀት ታደለ፤ በላይኛው ግማሽ «እስማማለሁ»፣ በታችኛው «አልስማማም» የሚል፣ ምልክት የሚደረግበት። ሁሉም እየመጣ ሳጥኑ ውስጥ ጨመረ። የመጨረሻው እሳቸው ነበሩ። ወረቀታቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው ምልክት አደረጉ፣ ወደ ሳጥኑ ቀረቡ፣ እና የሠላሳ አንድ ዓመት እጃቸው ሳይጠይቃቸው ሠራ። ወረቀቱን ከመሀሉ ሸርከት አድርገው ቀደዱት፣ ግማሹን ሳጥኑ ውስጥ ጣሉ፣ ግማሹን ለመዝጋቢዋ ዘርግተው፣ «እንዳይጥሉት፤ መሀል ላይ ይፈተሻል» አሉ።

መጀመሪያ ማንም አልሳቀም። ከዚያ ደረጃው በሙሉ ሳቀ። እሳቸው በእጃቸው የቀረውን ቁራጭ አይተው ደነገጡ።

«ምልክቱ ያለበት ግማሽ ሳጥኑ ውስጥ ነው» አሉ ቆጣ ብለው። «ይቆጠራል!»

መዝጋቢዋ ደንቡን ገልጣ፣ «ምልክቱ በግልጽ ይታይ ነው የሚለው» አለች። «ይቆጠራል።»

ተቆጠረ። ስልሳ «እስማማለሁ»፤ የራሴንም ድምፅ ጨምሮ፣ አልዋሽም። ስልሳ አንደኛው ግማሽ ወረቀት ነው። «አልስማማም» በሚለው ላይ ትልቅ፣ ወፍራም ምልክት አለበት።

«አንተ ሰውዬ!» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ሰባት ፎቅ የወጣኸው ይህን ልትል ነው?»

«ልጁ ቸኩሎ አምፖል ይቀይራል፣ ሰው አያማክርም። አልስማማም» አሉ ረጋ ብለው። «እስከ ዛሬ ግን የማልስማማው በር ላይ ሆኜ ነበር፤ ማን ቆጠረልኝ? ዛሬ ገብቼ ነው ያልተስማማሁት። ተመዝግቧል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «እኔ አልመረጥኩህም። አንተ ግን ተመርጠሃል።»

መዝጋቢዋ እዚያው የልብስ ሰፊዋ ወንበር ጠርዝ ላይ አስደግፋ ማመልከቻዬን መዘገበችው። ሊፍቱ ከስድስት ሳምንት በኋላ ሠራ። ልብስ ሰፊዋ የወረደች ቀን መንገዱን ብቻዋን ተሻግራ ጨርቅ ቤቱ ገባችና ሻጩ ያለውን ጣቃ ሁሉ እያስወረደች ስትዳስስ ዋለች። አንዲት ሜትር አልገዛችም። ክቡርነታቸው ደግሞ ምድር ቤት እየኖሩ ሊፍት የሚያስፈልጋቸው ይመስል በሩ ላይ ቆመው፣ «ሰሌዳው የሚችለው ስምንት ሰው ነው ይላል፤ አምስት ናችሁ። አልሞላም» እያሉ ሰው ያዘገያሉ። ልብስ ሰፊዋ ጣቷን አሳልፋ ቁልፉን ትጫነዋለች።

ከምርጫው በኋላ በነበረው ጠዋት ያንን የቀረውን ግማሽ ወረቀት ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ሰጥተውኝ ነበር። «እስማማለሁ» የሚለው ግማሽ ነው፤ ምንም ምልክት የለበትም።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ባዶ ነው» አልኳቸው።

«ገና ነዋ» አሉኝ። «ብቻ እንዳትጥለው።»

ስልሳ ሰው መርጦኛል፤ ሁሉንም አመሰግናለሁ። መታወቂያዬ ውስጥ አጥፌ የምይዘው ግን ያልመረጡኝን ሰውዬ ቁራጭ ነው። እወዳቸዋለሁ፤ ይህን ፊት ለፊት ብነግራቸው ስንት ሰው ይስማማበታል ብለው ስለሚጠይቁኝ እዚህ ጽፌዋለሁ።

የሥራ ዘመኔ አንድ ዓመት ነው። ትናንት ልክ ስድስት ወር ሞላው፤ መሀሉ ላይ ደረስኩ። ጠዋት ሊፍቱ በር ላይ አስቆሙኝና እጃቸውን ዘረጉ። መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ከዚያ መታወቂያዬን ከፍቼ ግማሿን ወረቀት አውጥቼ ሰጠኋቸው። ወደ ብርሃን አዙረው አዩዋት፣ ገለበጧት፣ መለሱልኝ። ከበሩ ላይ ገለል አሉና፣

«ግባ» አሉኝ።